ከወንፈል ወደ ወልባ

መካነ ሰላምንና ከላላን በያዘው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ዛሬ ያንዱ ማሳ ከታረሰ ነገ የሌላው ይታረሳል። ለአጨዳው ወንፈል፣ ለከባዱ ሥራ ደቦ አለለት። ደርግ በ1971 የአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራትን መመሪያ ሲያወጣ አብሮ መሥራትን እንደ አዲስ ትምህርት ይዞ ለዚህ ገበሬ መቅረቡ ይገርማል። አዲሱ ነገር ሒሳቡ ነበር። በመቀናጆ ማን የማን ባለዕዳ እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል፤ ደክሞት የገባውን በሬ ሣር አጭዶ የሚያበላውም ባለቤቱ ነው። የማኅበሩ መነሻ ደረጃ በነበረው በመልባ መሬቱ የጋራ ሆኖ ለአባሉ የሚቀርለት ከሄክታር አንድ አምስተኛ የማይበልጥ ጓሮ ነበር። ቀጣዩ ደረጃ ወልባ ላይ ሲደረስ በሬውም ሞፈርና ቀንበሩም የማኅበር ይሆኑ ነበር። ያኔ ሣሩን ማን ይጨድለት? የአባሉ ድካም በሥራ ነጥብ ይመዘገብ ነበር፤ ነጥብ ግን የዋለበትን ቀን እንጂ ማረሻው ምን ያህል ጠልቆ እንደገባ አይቆጥርም። ጤፍ ደጋግሞ መታረስ የሚፈልግ እህል ነው፤ መረሬ መሬት ደግሞ ዝናቡ ከገፋበት ስብሰባ አይጠብቅም።

«ጊዜና እገዛ ቢያገኝ ይሳካ ነበር» የሚሉ አሉ። እገዛስ አልጎደለውም፤ ለም መሬት፣ ማዳበሪያና ብድር በቅድሚያ ለማኅበራቱ ነበር፣ ምርታቸው ግን ከግል አራሹ አልላቀም። የደርግ የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ ከሚታረሰው መሬት ከግማሽ በላይ በማኅበራት እጅ እንዲገባ አልሞ ነበር፤ የገባው ከመቶ አምስት እጅ እንኳ አልሞላም። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የመሬት አዋጅ ጭሰኛውን ከእኩልና ከሲሶ አራሽነት ማላቀቁን የሚያነሳ ሰው እውነት አለው። ነገር ግን ያ አዋጅ ለአራሹ እስከ 10 ሄክታር የመጠቀም መብት ሰጠ፤ አራት ዓመት ቆይቶ የመጣው መመሪያ ደግሞ የሰጠውን መልሶ ለመሰብሰብ ተነሣ። ገበሬው ያኮረፈው በዚህኛው ነው።

መንግሥቱ ኃይለማርያም የካቲት 26 ቀን 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጁ ማኅበራቱ አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ፤ አባላቱ መሬቱንና በሬውን ተከፋፈሉ። በፈረንጆቹ 1956 የኮሚኒስት ፓርቲው መሪ ጎሙልካ ሥልጣን ሲይዝ የፖላንድ ገበሬም ይህንኑ አድርጎ ነበር። የእኛው ገበሬ ግን የተከፋፈለው የመጠቀም መብቱን ነው፤ የመሬቱ ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ ቀረ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይኸንኑ አጸናው።