አነስተኛ ድርጅቶችና የባለሙያ ቅጥር

ባለሙያን መሳብና ማቆየት ማለት አንድ ድርጅት የሚያስፈልገውን ሙያ ያለው ሰው አግኝቶ የሚቀጥርበትና ቶሎ እንዳይለቅ የሚያደርግበት አሠራር ነው። ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው በአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ላይ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ አነስተኛ የሚለው ከ6 እስከ 30 ሠራተኛ ያለውን ተቋም ነው። ሺህ ሠራተኛ ካለው ባንክ አንድ ሰው ቢለቅ ብዙም አይታወቅም። ከስምንት ሰው አንዱ ሲለቅ ግን እሱ ብቻ የሚያውቀው ሥራ ሁሉ አብሮት ይሄዳል።

የሶፍትዌር ሥራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አዲስ አበባ ያለ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት የሚወዳደረው ከመሰሎቹ ጋር ብቻ አይደለም። ባንኮች የራሳቸውን ፕሮግራመሮች ይቀጥራሉ፤ ለሠራተኞቻቸውም በዝቅተኛ ወለድ የቤት ብድር ይሰጣሉ። ውጭ አገር ያለ አሠሪ ደግሞ ቤቱ ተቀምጦ ለሚሠራ ባለሙያ በዶላር ይከፍላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በወር 500 ዶላር የሚያገኝ ሰው ገቢው ከ28,500 ብር ወደ 50,000 ብር በላይ ከፍ አለ ማለት ነው። ደንበኞቹ በብር የሚከፍሉት ድርጅት በዚያ ፍጥነት ደመወዝ ሊጨምር አይችልም።

ስለዚህ በደመወዝ መፎካከር ለትንሽ ድርጅት አያዋጣም። አንዱ አማራጭ ሰውን ገና ተማሪ ሳለ ማግኘት ነው። ለተግባር ልምምድ የመጣን ተማሪ ለጥቂት ወራት ሲሠራ ማየት ከማንኛውም የቅጥር ፈተና የበለጠ ያሳያል፤ ለተማሪውም እንዲሁ አሠሪውን ያሳየዋል። ሌላው የሥራው ስፋት ነው። በትልቅ ተቋም ጀማሪ ባለሙያ ለወራት አንድ ዓይነት ሪፖርት ሊያወጣ ይችላል። በትንሽ ድርጅት ግን ከደንበኛ ጋር ይነጋገራል፣ ዳታቤዝ ይነድፋል፣ ሰርቨር ሲቆም ሌሊት ይነሣል (የመጨረሻው ጥቅም መሆኑ አከራካሪ ነው)።

ችግሩ፣ ብዙ የተማረ ሠራተኛ ሌሎችም ይፈልጉታል። አንዳንድ አሠሪዎች ለዚህ ከሥልጠና በኋላ የተወሰነ ጊዜ የማገልገል ግዴታ ያስፈርማሉ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ቢያንስ አምስት ዓመት አገልግሎ በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ የሚያገኘው እንዲህ ያለ የሥልጠና ግዴታ ከሌለበት ነው። ሆኖም ውል ሰውን ቢያስቀምጥም በትጋት አያሠራም። ደመወዝን በቀኑ መክፈል፣ የ16 ቀን የዓመት ፈቃድን አለመከልከል፣ ከአሠሪው 11 ከመቶና ከሠራተኛው 7 ከመቶ የሚዋጣውን ጡረታ በጊዜው ገቢ ማድረግ ሕጉ የሚያስገድዳቸው ናቸው፤ ግን ሲጓደሉ ሰው መልቀቅ ይጀምራል።

በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። የአሠራር ማስታወሻና የይለፍ ቃል ርክክብ ቀድሞ ያልተሰናዳ ከሆነ፣ እነዚህ ቀናት የሚያልቁት ተተኪ በመፈለግ ብቻ ነው።