ኮዱ ሳይጻፍ በፊት ያለው ስሕተት

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 1993 ዋርሶ ላይ ያረፈ የሉፍታንዛ ኤርባስ ኤ320 አውሮፕላን መቆም አቅቶት ከአስፋልቱ አልፎ ከአፈር ቁልል ጋር ተላተመ። ሁለት ሰዎች ሞቱ። ለአደጋው የአየሩ ሁኔታም የአብራሪዎቹ ውሳኔም ድርሻ ነበራቸው። ኮምፒውተሩ ግን አልተበላሸም፤ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል።

ትእዛዙ ምክንያት ነበረው። የሞተሩን ግፊት የሚገለብጠው ማዘግያ አየር ላይ ቢከፈት ሰው ይፈጃል፤ ስለዚህ መሬት ሳይነካ እንዳይሠራ ተደረገ። ኮምፒውተር ግን መሬትን አያይም። በግራም በቀኝም ያሉት የአውሮፕላኑ እግሮች ክብደት ሲሸከሙ «አርፈናል» ይላል። ከክንፉ ላይ ለሚነሡት ማዘግያዎች ደግሞ የጎማዎቹ በፍጥነት መሽከርከርም ይበቃ ነበር። ያን ቀን አብራሪዎቹ ስለ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸው የጎን ነፋስን ለመቋቋም ወደ ቀኝ አዘንብለው አረፉ። የግራው እግር አስፋልቱን የነካው ከቀኙ 9 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው፤ ጎማውም በዝናብ ውሃው ላይ ተንሸራተተ እንጂ እንደታሰበው አልተሽከረከረም።

ስሕተቱ ያለው ከኮዱ በፊት በተያዘ ግምት ውስጥ ነው፦ «ያረፈ አውሮፕላን ሁለቱም እግሮቹ ይጫናሉ፣ ወይም ጎማዎቹ ይሽከረከራሉ»።

የሶፍትዌር ተመራማሪዎቹ ፓሜላ ዜቭና ማይክል ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ለያይተዋል፤ እንዲሆን የምንፈልገውን፣ ስለ ዓለም እውነት ነው ብለን የያዝነውን፣ ማሽኑ የሚሠራውን። የኋለኞቹ ሁለቱ ተደምረው የመጀመሪያውን ማረጋገጥ አለባቸው። ብዙ የመስፈርት ሰነዶች መካከለኛውን ይዘሉታል፤ ለእኔ ትልቁ ጉድለት ይሄ ነው።

ሒሳባዊ ሞዴል ይህን መዝለል ይከለክላል። የጃክሰን ልጅ ዳንኤል በኤምአይቲ የመራው ቡድን የሠራውን አሎይ የተባለ የሞዴል መፈተሻ መሣሪያ እንውሰድ። እግርን፣ ጎማንና አስፋልትን፣ ዝምድናቸውንም በአጫጭር የሎጂክ ዓረፍተ ነገሮች ይጽፉለታል። ከዚያ «አውሮፕላኑ አርፎ ማዘግያው የማይከፈትበት ሁኔታ አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። መሣሪያውም በተወሰነለት ልክ ያሉትን ጥምረቶች ሁሉ ፈትሾ «አንድ እግር ከፍ ብሎ፣ ጎማው ውሃ ላይ» የሚል ምሳሌ ያወጣል። አንድም መስመር ኮድ ሳይጻፍ።

ሆኖም ሞዴሉ የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። ባለሙያው «እግሮቹ ምንጊዜም እኩል ያርፋሉ» ብሎ ከጻፈ፣ አሎይ ያን አምኖ «ችግር የለም» ይላል። ሞዴሉ ሲነበብ አብራሪው አጠገብ መቀመጥ ያለበት ለዚህ ነው፤ ያቺን መስመር ሲያይ «በጎን ነፋስ እንዲህ አናርፍም» የሚለው እሱ ነው።