የጦር ሐኪሞች በገዳሪፍና በመተማ ድንበር

የጦር ሆስፒታል ማለት በሠራዊቱ በጀትና ሥርዓት የሚተዳደር፣ በቅድሚያም ወታደሩን የሚያክም ተቋም ሲሆን፣ በምሥራቅ ሱዳን፣ በተለይ በገዳሪፍና በገላባት አካባቢ፣ ዘመናዊ ሕክምና ቀድሞ የደረሰው ከገበሬው ይልቅ ለሠራዊቱ ነበር። ይህ ቅደም ተከተል በድንበሩ ሕዝብ ጤና ላይ የተወው ጥላ እስከ ዛሬ አልተገፈፈም።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ከደርቡሽ፣ ማለትም ከሱዳን መሐዲስቶች፣ ጋር ሲዋጉ ቆስለው በማግስቱ ባረፉ ጊዜ፣ የዘማቹ ተስፋ ስብራት የሚያቃናው ወጌሻና ቁስሉን የሚያጥብለት ጓደኛው ብቻ ነበር። ዘጠኝ ዓመት አልፎ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 22 ቀን 1898፣ ከከሰላ የተነሣው፣ በእንግሊዛዊው ኮሎኔል ፓርሰንስ የሚመራው የግብፅ ጦር ገዳሪፍን ከደርቡሽ ሲያስለቅቅ ከ1,400 ያህል ተዋጊዎቹ 51 ሞተው 80 ቆሰሉ። በዚያ ውጊያ ካፒቴን አሌክሳንደር ሆር-ሩትቨን፣ ደርቡሾች እየተኮሱ 45 ሜትር ያህል ሲቀራቸው፣ ወድቆ የነበረን አንድ ግብፃዊ መኮንን አንሥቶ ተሸከመ፤ የሚያሳድዱትን ለመግታትም ሁለት ሦስት ጊዜ ቁስለኛውን መሬት እያስቀመጠ ተኩሶ፣ መልሶ እያነሣ ወደ ወገን ጦር ወሰደው። ለዚህም የቪክቶሪያ መስቀል ኒሻን የተሸለመው ይህ መኮንን ኋላ የአውስትራሊያ ጠቅላይ ገዥ ለመሆን በቅቷል። ይሁን እንጂ ከውጊያው መሬት መውጣት ለቁስለኛ የመከራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አልነበረም፤ ከኋላው የክረምት ዋልካ ጭቃና ሞልቶ የሚጋልበው የአትባራ ወንዝ ነበሩና።

ከድሉ በኋላ የሱዳንን ሕክምና የያዘው የግብፅ ጦር የሕክምና ክፍል ሲሆን፣ ዛሬ ሊባኖስና ሶርያ ከሚባሉት አገሮች የመጡ ሐኪሞችም ከከተማ በራቁ ጣቢያዎች አገልግለዋል። የሲቪል ሕክምና መሥሪያ ቤት መቋቋም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1904 ገደማ ነው። በኖቬምበር 1924 የሱዳን ጠቅላይ ገዥ ሰር ሊ ስታክ ካይሮ ውስጥ ተገድለው የግብፅ ጦር ከሱዳን እንዲወጣ በታዘዘ ጊዜ፣ በካርቱም ያመፁ የሱዳን ወታደሮች የጦር ሆስፒታሉን ምሽግ አድርገው ተዋጉ፤ አብደል ፈዲል አልማዝ የተባለው መኮንንም እዚያው ተዋግቶ ሞተ። ሆስፒታል በጦርነት ጊዜ ሊጠበቅ የሚገባው ቦታ መሆኑን ለሚያምን ሁሉ ይህ መራራ ታሪክ ነው።

በኋላ ደግሞ፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን ይዛ ሳለ፣ ድንበሩ ራሱ ግንባር ሆነ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1940 በብርጋዴር ዊሊያም ስሊም የሚመራው የሕንድ ብርጌድ ገላባትን ከጣሊያኖች ቢይዝም፣ በአየር ድብደባ ምክንያት ወደ ኋላ ለማፈግፈግ ተገደደ። የዚያን ጊዜው የሜዳ ሕክምና ጓድ፣ ማለትም ቁስለኛን ከግንባር በቃሬዛ ተቀብሎ ደሙን ካቆመለት በኋላ ወደ ኋላ የሚልክ ክፍል፣ ከ1898ቱ የተሻለ ዕድል ነበረው፤ ተሽከርካሪ ነበረው፣ የባቡር ሐዲዱም እ.ኤ.አ. በ1929 ገዳሪፍን አልፎ ከሰናር ጋር ተገናኝቶ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦም ኢድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው ከገቡ በኋላ ጦርነቱ ወደ ኢትዮጵያ መሬት ገፋ።

ጦሮቹ ሄዱ፤ በሽታው ግን ቀረ። ካላዛር በዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር የምትኖር ደቃቅ የአሸዋ ዝንብ በንክሻዋ የምታስተላልፈው ጥገኛ ተውሳክ የሚያመጣው ሕመም ሲሆን፣ ትኩሳቱ ለሳምንታት ይዘልቃል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፣ ሰውነትን ያከሳል፣ ካልታከመም አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። በሱዳን እ.ኤ.አ. በ1904 ተመዝግቦ የታወቀው ይህ በሽታ ወታደርንም፣ ሰሊጥና ማሽላ ሊያጭድ የመጣውን የቀን ሠራተኛንም አይለይም። በምሥራቅ አፍሪካ በስፋት የሚሰጠው ሕክምና ሁለት መድኃኒት በመርፌ ለ17 ቀን መውሰድን ስለሚጠይቅ፣ ሠራተኛው ያን ያህል ቀን ደመወዙን ትቶ መተኛት አለበት። ከኤፕሪል 2023 ወዲህ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ብዙዎችን በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ አሰድዷል። ዝንቧ ድንበር ስለማታውቅ፣ የጎንደርና የገዳሪፍ ጤና ባለሥልጣናት መረጃና መድኃኒት እየተለዋወጡ፣ አንዱ ወገን የጀመረውን ሕክምና ሌላው እንዲጨርስ ሊስማሙ ይገባል።