«እርጅና ነው» ከማለታችን በፊት



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ በአረጋዊ ታካሚ ላይ የምናየው ለውጥ የዕድሜ ነው ወይስ የበሽታ? መልሱን ብንስት ጉዳቱ በሁለት ወገን ነው። ጤናማውን ለውጥ በሽታ ካልነው ታካሚውን ለማያስፈልገው መድኃኒት እንዳርገዋለን፤ በሽታውን እርጅና ካልነው ደግሞ ሊድን የሚችለውን ሰው ሳናክም እናሰናብተዋለን።

እርጅና በዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ ይመጣል። ዋናው ባሕርዩ የአካል ክፍሎች መጠባበቂያ አቅም መቀነስ ነው፤ በዕረፍት ጊዜ የሚበቃ የልብ ወይም የኩላሊት አቅም ሕመም ሲጨመርበት ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የደረሰ ለውጥ በዕድሜ ብቻ አይገለጽም።

የአእምሮን ነገር እንውሰድ። የሰው ስም ቶሎ አለመምጣቱ፣ አዲስ ነገር ለመማር ረዘም ያለ ጊዜ ማስፈለጉ የተለመደ ነው። የኖሩበትን ሰፈር መንገድ መሳት ወይም የለመዱትን የገንዘብ ሒሳብ ማቃት ግን ምርመራ የሚሻ ምልክት ነው። ትናንት ደኅና የነበሩ አዛውንት ዛሬ ሐሳባቸውን መሰብሰብ ካቃታቸው፣ ሁኔታቸውም ከሰዓት ሰዓት ከተለዋወጠ፣ ዴሊሪየምን መጠርጠር ይገባናል። መንሥኤው የሳንባ ምች፣ የሽንት መታገድ ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። የሳንባ ምች በአረጋውያን ላይ ያለ ትኩሳትና ያለ ሳል፣ በመውደቅና ምግብ በመተው ብቻ ሊገለጥ እንደሚችል አትዘንጉ።

የላቦራቶሪ ቁጥርም ያታልላል። ጡንቻ ሲመነምን የሚመነጨው ክሪያቲኒን ስለሚያንስ፣ ኩላሊት ደክሞ ሳለ ውጤቱ ጤናማ ሊመስል ይችላል። በአንጻሩ የደም ማነስንና ሽንት መቆጣጠር አለመቻልን የእርጅና ዕጣ አድርጎ መቀበል አይገባም፤ መንሥኤያቸው ይፈለግ።

መመዘኛዎቻችንንም እንመዝን። በ1975 እ.ኤ.አ. የቀረበው ሚኒ ሜንታል የተባለው ፈተና ማንበብንና መጻፍን ይጠይቃል፤ ፊደል ያልቆጠሩ እናት ነጥብ ቢያጡ ጉድለቱ የትምህርት ዕድል እንጂ የአእምሮ ላይሆን ይችላል። ቀኑን ስጠይቃቸው «ዛሬ ሚካኤል ነው» ካሉኝና ቀኑ 12 ከሆነ፣ ለእኔ መልሱ ትክክል ነው።

እንግዲህ ታካሚውን ከወጣት ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር አነጻጽሩት። አብሮት የሚኖረውን ሰው «ከስድስት ወር በፊት ምን ይሠሩ ነበር? ዛሬስ ምን አቃታቸው? መቼ ጀመረ?» ብላችሁ ጠይቁ። «እርጅና ነው» የሚለው ቃል ከእነዚህ ጥያቄዎችና ከምርመራው በኋላ እንጂ በፊት አይነገር።