ለባጃጅ ሞላ መምረጥ

ዓፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ብረት በጋሪ እንዲያልፍ አስቀድሞ መንገዱ መጠረግ ነበረበት። የዛሬው የደብረ ታቦር ባጃጅ ነጂ ግን መንገዱን ልጥረግ ቢል አቅሙ አይፈቅድለትም። ኮብልስቶኑም፣ ክረምት የቦረቦረው ፒስታም እንዳሉ ናቸው። ሊለውጥ የሚችለው ሞላውንና ሾኩን ነው።

ባጃጅ የኋላ ጎማዎቹ እንደ ጭነት መኪና በአንድ አክስል አልተያያዙም። እያንዳንዱ ጎማ የራሱ ክንድ፣ የራሱ ሞላና የራሱ ሾክ አለው፤ ግራው ጉድጓድ ሲገባ ቀኙ በቦታው ይቆያል። ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው ነው። ሾኩ ደግሞ የሞላውን መንጠር ያበርዳል፦ በሆዱ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ እያሾለከ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሾኩ የሞተበት ባጃጅ አንድ ድንጋይ ረግጦ ሦስት አራት ጊዜ ይነጥራል።

መለዋወጫ ሱቅ በር ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ጥያቄ «ጠንከር ያለ የለህም ወይ ወንድሜ?» የሚል ነው። ጠያቂው ምክንያት አለው። ባዶው ባጃጅ 4 ኩንታል አይሞላም፤ ነጂውና 3 ተሳፋሪዎች እያንዳንዳቸው 65 ኪሎ ቢመዝኑ 260 ኪሎ ይጨመርበታል። ወደ ገሳይ አቅጣጫ የሚሄድ ከሆነ ድንች በማዳበሪያ ሊከተል ይችላል።

ሆኖም በሞላ ነገር ትንሽ የሚባል ልዩነት የለም። የሽቦው ውፍረት ከ11 ሚሊ ሜትር ወደ 12 ቢያድግ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ጥንካሬው 40 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ዓይን በቀላሉ የማይለየውን ይህን ልዩነት ወገብ ይለየዋል። ጭነት ሲራገፍ ደረቁ ሞላ አልተኛም ይላል፤ ጎማው ከድንጋዩ የተቀበለውን ምት እንዳለ ለቻሲው ያቀብላል። ብየዳው ይሰነጠቃል፣ ቡሎኑ ይላላል። ጎማው በነጠረ ቁጥር መሬት ስለሚለቅ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑም የሚይዘው ያጣል። ወደ ሆስፒታል የምትሄድ ነፍሰ ጡር ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንደሆነ ማሰብ ብቻ ይበቃል።

ሞላ ማስቆረጥማ ከዚህም ይብሳል። ከ8 ጥምዝ አንዱ ሲቀነስ ሞላው ያጥራል፣ ይደርቃልም። ቆረጣው በእሳት ከሆነ ደግሞ ብረቱ ልምጥምጥ ብሎ ጭነት ሲያርፍበት ይተኛል፤ ተመልሶም አይነሣም።

አሮጌውን ሞላ ይዞ ሱቅ መሄድ ጥሩ ልማድ ነው፤ ግን የሚመሳከረው ነገር መታወቅ አለበት። የሽቦው ውፍረት፣ የጥምዙ ብዛትና የውስጥ ስፋቱ በአገልግሎት አይለወጡም። ቁመቱ ግን በጭነት ብዛት አጥሮ ይሆናልና በእሱ መለካት ያሳስታል፤ ቁመቱን ከአዲስ ኦሪጅናል ጋር ማስተያየት ነው።

ሾኩ በእጅ ይፈተናል። ቀጥ አድርጎ አቁሞ እስከ ታች መጫን፣ ከዚያ መሳብ። ሲተኛ የከረመ ሾክ አየር ስለሚቀላቀልበት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢላላ አያስደንግጥም። ከዚያ በኋላ ግን ከላይ እስከ ታች እኩል መክበድ አለበት፤ መሃል ላይ ባዶ ከሄደ ይመለስ። የሚያብረቀርቀው ዘንግ ላይ ጥፍር ሲያልፍ የሚያዝ ጭረት ካለም አይገዛም፤ ያ ጭረት ዘይት የሚያግደውን ጎማ በልቶ ሾኩን ዘይት አልባ ያደርገዋል። ማሸጊያው ኦሪጅናል መምሰሉ ብቻ አያስተማምንም፤ ፎርጅዱም የሚሸጠው በተመሳሳይ ካርቶን ነው።

የኋላው ሲቀየር ሁለቱም ጎን ባንድ ጊዜ ይቀየራል። አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ የሆነ ባጃጅ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ በሦስት እግር ለሚቆም ተሽከርካሪ ይህ ኩርባ ላይ አደጋ ነው። ጎሚኒዎቹም አብረው ይታዩ፤ የተበላ ጎሚኒ አዲሱን ሾክ ያንኳኳዋል።

ሙከራው ባዶውንም ተጭኖም መሆን አለበት። ደግሞ ማለዳ አይሁን፦ ደብረ ታቦር ከ2,600 ሜትር በላይ ናትና ብርዱ የሾኩን ዘይት ያወፍረዋል፤ ገና ሲነሣ የደረቀው ሾክ ጥቂት ኮብልስቶን ከረገጠ በኋላ ነው ትክክለኛ ጠባዩን የሚያሳየው።