የዝናቡ መጠን ሳይሆን ወቅቱ

በየዓመቱ አዲስ ክፍል ስይዝ የምጠይቃት ጥያቄ አለችኝ፤ «ከለንደንና ከአዲስ አበባ የበለጠ ዝናብ የሚያገኘው የትኛው ነው?» ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ለንደን!» ይላል። ጃንጥላ የያዘ እንግሊዛዊ በፊልም አይተዋላ። ግን ለንደን በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ስታገኝ አዲስ አበባ ከ1,000 ታልፋለች። ታዲያ የእነሱ ሣር ዓመቱን ሙሉ ለምልሞ የእኛ በጥር ለምን ይደርቃል? የለንደን ዝናብ በአሥራ ሁለቱም ወር ጠብ ጠብ ይላል፤ ፀሐይዋም ደካማ ስለሆነች መሬቱ የጠጣው ቶሎ አይተንም። የእኛ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርድና ከዚያ በኋላ ተራው የፀሐይ ነው።

የጂኦግራፊ መጽሐፍ ምድርን በቀለም ይከፋፍላታል፤ ደን፣ ሳቫና፣ በረሃ፣ ቱንድራ። ቀለሙን መሸምደድ አይከብድም። እኔ ግን «ሙቀቱና ውኃው አብረው ይመጣሉ ወይስ ይተላለፋሉ?» ብላችሁ ጠይቁ እላለሁ። ኬፕ ታውን ዙሪያ ዝናቡ የሚመጣው በብርዱ ወራት ነው፤ ሙቀቱ ሲመጣ ሰማዩ ይደርቃል። ተራራውን የሚሸፍነውም ጠንካራና ትንንሽ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ ነው እንጂ ትልልቅ ዛፍ አይደለም።

ነገሩን በአንድ ቀን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ባሌ ውስጥ ከጎባ ወደ ደሎ መና በሚሄድ መኪና ይሳፈር። መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ አቋርጦ በደቡብ በኩል ቁልቁል ሐረና ደን ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ አስታ፣ ዝቅ ሲል ቀርከሃ፣ ከዚያም በዛፎች ጥላ ሥር ማንም ያልተከለው ቡና ይታያል። ደሎ መና ሲደርሱ የሚቀበለው ግራርና ግመል ነው። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በ6 ዲግሪ ገደማ ስለሚለወጥ ከአምባው እስከ ቆላው ያለው ልዩነት ከ15 ዲግሪ ይበልጣል።

ሙቀት ብቻውን ግን ሐረናን አልፈጠረም። ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሳው እርጥብ ነፋስ ከተራራው ሲጋጭ ወደ ላይ ይገፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ጉም ሆኖ ይዘንባል። ዝናቡ በበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ ደረቁ ጊዜ አጭር ነው። ከተራራው ጀርባ፣ በሰሜን በኩል ያለው ዲንሾ ከዚህ ይደርቃል፤ ጽድና ኮሶ የሚበዙትም እዚያ ነው።

ሳነቴን ከሳይቤሪያ ቱንድራ ጋር የሚያመሳስሉ አሉ። አልስማማም። ሳይቤሪያ ብርዱ በዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ ለወራት ይቀመጣል፤ ተክሉም በበረዶ ሥር ተኝቶ ይጠብቃል። ሳነቴ ላይ በደረቁ ወራት ቀን ፀሐይዋ ፊት ትልጣለች፣ ሌሊት ውኃ ይረጋል፤ በማግስቱም እንደዚያው። ቅጠል አራግፎ መተኛት እዚህ አያዋጣም። ጅብራ ሲመሽ ቅጠሎቹን ወደ መሃል ሰብስቦ ለጋውን ይሸፍናል፣ ሲነጋ ይዘረጋል። እንዲህ እያለ ለዓመታት ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ያብብና ይሞታል። ከሥሩ መሬቱን የሚቆፍረው ትልቁ ፍልፈል፣ የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ፣ ከባሌ በቀር በዓለም የትም አይገኝም።

ሁሉን ለአየር ንብረት መስጠትም ልክ አይደለም። እረኞች ለከብቶቻቸው ለጋ ግጦሽ ለማግኘት አስታውን ያቃጥላሉ፤ ከግንዱ ሥር እንደገና ያቆጠቁጣል። የደኑ ጫፍ የት ላይ እንደሚያቆም እሳትም ድርሻ አለው።

አንዲት ተማሪ ካርታው ላይ ጣቷን አሳርፋ «ቲቸር፣ ኪሳንጋኒም ኪስማዮም ምድር ወገብ ላይ ናቸው። አንዱ ጥቅጥቅ ደን፣ ሌላው ለምን ቁጥቋጦ ሆነ?» ብላኛለች። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ በክፍሌ ሰምቼ አላውቅም። ምድር ወገብ ላይ የሞቀ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ይዘንባል፤ ከዚያ 30 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ደርቆ ይወርዳል። ሰሃራና ካላሃሪ የተፈጠሩት በዚህ ነው። በዚህ ሕግ ኪስማዮም ደን መሆን ነበረባት። ሆኖም ከሰኔ እስከ መስከረም የሚነፍሰው ነፋስ ወደ የብስ አይገባም፤ የሶማሊያን ጠረፍ ታክኮ ወደ ሰሜን ይሮጣል። ሲሮጥም የባሕሩን ሞቃት ገጽ ከዳርቻው ያርቃል፣ በተለይ በሰሜኑ ጠረፍ ቀዝቃዛ ውኃ ከጥልቁ ይወጣል፤ ከቀዝቃዛ ውኃ በላይ ያለ አየር ደግሞ በቀላሉ አይነሳም። በታኅሣሥና በጥር ነፋሱ ተገልብጦ ከደረቁ ከዓረቢያ በኩል ይመጣል። የሚዘንበው በሁለቱ መካከል፣ ሶማሌዎች ጉ እና ዴይር በሚሏቸው አጫጭር ወቅቶች ነው፤ በዓመት 400 ሚሊ ሜትር ገደማ። ኪሳንጋኒ ከባሕር እጅግ ርቃ ከ1,500 በላይ ታገኛለች፤ የዚያ ዝናብ ከፊሉ ደኑ ራሱ ያተነነው ውኃ ነው።