ተጨማሪ መረጃ፦ ሆድና ሐሳብ

ተማሪ ሆይ፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የደጋ መንደሮች፣ ፈተና በተቃረበ ቁጥር ሆዱን እየቆረጠው ከትምህርት የሚቀር ባልንጀራ አይተህ እንደ ሆነ፣ በሐኬት ያመካኛል ብለህ አትፍረድበት። ጆን አፕሌይ የተባለው እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም በ1958 እ.ኤ.አ. ከሥራ ጓደኛው ጋር ባሳተመው የ1,000 ተማሪዎች ጥናት፣ ከ10 ሕፃናት 1 ያህሉ እየተመላለሰ ከውሎው የሚያስተጓጉል የሆድ ሕመም እንዳለበት ገልጧል። አንጎልና አንጀት በነርቭ አማካይነት መልእክት ስለሚለዋወጡ፣ ፍርሃት አንጀትን ያውካል፤ የታወከውም አንጀት ፍርሃትን መልሶ ያባብሳል፤ ሕመሙ ግን እውነተኛ ሕመም ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም የሚረዳው የሥነ ልቡና ሕክምና ማለት በንግግርና በልምምድ የሚሰጥ ፈውስ ሲሆን፣ ሕፃኑ የሚያስጨንቀውን ሐሳብ መርምሮ እንዲያርም፣ ወላጆቹም «አመመህ ወይ?» እያሉ ከመወትወት ታቅበው ቀስ በቀስ ወደ ትምህርቱ እንዲመልሱት ያስተምራል። ነገር ግን በአገራችን ወስፋትና ጃርዲያ የተባሉት የአንጀት ተውሳኮች የበዙ ናቸውና፣ ከዚህ ሕክምና በፊት ሰገራን በጤና ጣቢያ ማስመርመር ይቀድማል።

እስቲ ከልምምዶቹ አንዱን ለመሞከር እጅህን በእምብርትህ ላይ አኑረህ፣ ሆድህ ከፍና ዝቅ እስኪል ድረስ በቀስታ 10 ጊዜ ተንፍስ፤ ከዚህ በፊትና በኋላ የልብህን ትርታ ቆጥረህ በደብተርህ መዝግብ።